የጀልባዋ ዋስ

በዚያ ጠዋት ከይፋግ በታች ባለው የባሕር ዳርቻ የነበርነው እነዚህ ነን። ባለቤቴ መርሻ፣ ጀልባዋን የሠራት አናጢ። ልጃችን እንጉዳይ፣ የወተት ጥርሷን ገና ጥላ ያልጨረሰች። ከደብረ ታቦር የወረዱት የንጉሡ አዛዥ። መምሬ ገላው፣ የደብራችን ቄስ። ዑመር፣ ከወይጦዎች ወገን የሆነ ታንኳ ሠሪ። መዘውሩን እንዲያዞሩ የተመረጡ ወታደሮች፣ ስማቸውን ለይቼ አላውቅም። እና እኔ፣ ወለተ ሥላሴ። የጀልባዋን አሠራር ያሳየው ፈረንጅ አልነበረም። ነበረ የሚሉ አሉ፤ አልነበረም። በጉሙ ውስጥ ሌላም ሰው ነበረ የሚሉ አሉ። ስለ እሱ ኋላ እነግራችኋለሁ።

እኔ ያን ጊዜ ፈሪ ሴት ነበርኩ። ከእንጉዳይ በፊት የወለድኳቸውን ፈንጣጣ ወስዶብኛል፤ ስለዚህ እሷን የያዝኳት እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ነው። ስታስል አልተኛም። ወንዝ ስንሻገር የቀሚሷን ጫፍ በእጄ እጠመጥማለሁ። ከዓይኔ ስትርቅ ደግሞ ድምጿን እንድሰማ ጮክ ብላ ፊደል እንድትቆጥር አስለምጃት ነበር። ፊደሉን ያስተማርኳት ራሴ ነኝ። አባቴ ደብተራ ነበሩ። በልጅነቴ ፊደልና ከዳዊት ጥቂት አስቆጠሩኝ፤ ወንድሜ ሲደርስ መጽሐፉ ወደ እሱ ዞረ፣ እኔም ወደ ወፍጮው። ይህን የምጽፍላችሁ ያን ጊዜ በያዝኳት ጥቂት ነው።

እንጉዳይ ከቤት ጀርባ ሆና ሀ ሁ ሂ ስትል እኔ እፈጫለሁ። ዝም ካለች መጁን ጥዬ እወጣለሁ። መርሻ ይስቅብኝ ነበር።

"አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቱ አንድ ቀን ትመነኩስብሻለች። ያን ጊዜ እኔን እንዳትወቅሺኝ።"

ዘመኑ ንጉሡ በደብረ ታቦር ተቀምጠው ፈረንጆቹን መድፍ የሚያሠሩበት ነው። በእኛ ባሕር ላይ ከደንገል ከሚታሰረው ታንኳ በቀር ሰው የሚሳፈርበት ነገር ታይቶ አያውቅም። ታንኳ እስር ናት፤ ውሃው በመካከሏ ይገባል ይወጣል፣ ሰውም ላይዋ ላይ ይቀመጣል እንጂ ውስጧ አይገባም። ንጉሡ ግን በመዘውር የምትሄድ፣ ፈረስና መድፍ የምትሸከም የእንጨት ጀልባ ፈለጉ። አንዲት ብቻም አይደለም። በባሕሩ ዳር መሥሪያ ተተክሎ፣ ሠራተኛው ሙያውን ለምዶ፣ ጀልባ በጀልባ ላይ እንዲወጣ ነው ያሰቡት። መርሻ የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት በመሥራት የታወቀ ነበርና እሱ ተጠራ።

"ማን ሊያሳይህ ነው?" አልኩት።

"ፈረንጁ።"

"እሱ ሠርቶ ያውቃል?"

"ተሳፍሮባት ነው የመጣው።" ሳቀ። "እኔም ከጉና እስከዚህ በበቅሎ ነው የመጣሁት። በቅሎ ሥራ ብባል ግን እንጃ።"

ፈረንጁ የጀልባዋን መልክ አሸዋ ላይ በጭራሮ ጫረለት። መምሬ ገላው ደግሞ ወደ ደብሩ ወስደው በግድግዳው ላይ የተሣለውን የኖኅን መርከብ አሳዩት።

"አባቴ፣ ይህ እኮ ጎታ ነው" አላቸው መርሻ። "መስኮት ያለው ጎታ።"

"ጎታም ቢሆን ሰው አትርፏል። ያንተን ደግሞ እናያለን።"

በባሕሩ ዳር ሰፊ ዳስ ተጣለ። ወታደሮች ዋንዛውን በጠፍር እየጎተቱ ከደጋው አወረዱት። ሚስማሩ ከቀጥቃጮች ዘንድ በከረጢት መጣ። በሳንቃና በሳንቃ መካከል ያለውን ክፍተት በጨርቅ፣ በሰምና በሞራ ይደፍኑት ነበር፤ መርሻ ቤት ሲገባ ውሻው ሁሉ ሞራ ሞራ የሚሸተውን እጁን ሊልስ ይከተለዋል። ለጀርባ አጥንቷ ግን፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ለሚሄደው ረጅም ግንድ፣ የሚሆን እንጨት ጠፋ። በመጨረሻ ከጣራ ገዳም በሚወርደው መንገድ ዳር የቆመ ዝግባ ተገኘ። ከገዳሙ ክልል ውጭ ስለሆነ መነኮሳቱ አልከለከሉም። ነገር ግን በእኛ አገር ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወሰድ በየምዕራፉ እያረፈ ጸሎት ይደረስለታል፤ ያ ዝግባ አንዱ ምዕራፍ ነበር። አካባቢው ሁሉ ሙታኑን ከጥላው ሥር አሳርፎ አልቅሷል። የእኔም ልጆች እዚያ አርፈዋል።

ሲቆረጥ መምሬ ገላው ዳር ቆመው አዩ። ሲወድቅ ብቻ "እንግዲህ ሬሳውን የት እናሳርፋለን?" አሉ።

ጀልባዋ አልቃ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ስትሞከር ተንሳፈፈች። ሰው እልል አለ። ጥቂት ውሃ ብቻ አስገባች። ፈረንጁ ግን መድፍ ሊያፈስ ወደ ደብረ ታቦር ተጠርቶ ነበርና ከዚህ ወዲያ ምን እንደሚደረግ የሚጠየቅ አልነበረም። እንጨት ሲደርቅ እየጠበበ እንደሚሸሽ መርሻ አሳምሮ ያውቃል። ውሃን ግን አያውቅም፤ ስለዚህ ውሃን የሚያውቀውን ሰው ጠየቀ። ወይጦዎች ጉማሬ ይበላሉ ተብሎ ሰው ከእነሱ ጋር አይቀመጥም ነበር። መርሻ ከዑመር ጋር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያወራው።

"ዑመር፣ ታንኳህን ከውሃ ስታወጣት ምን ታደርጋታለህ?"

"ፀሐይ ላይ አቆማታለሁ። ካልደረቀች ትከብዳለች፣ ትበሰብሳለች፣ አንድ ቀን ይዛህ ትወርዳለች።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትቀል ነዋ።"

ስለ ታንኳ እውነቱን ነው የተናገረው። እነሱም የእንጨቷን ጀልባ ጎትተው አወጧትና አዛዡ እስኪወርዱ ድረስ በኅዳር ፀሐይ ገልብጠው አሰጧት።

መንኳኳቱ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ለመርሻ ምሳ ይዤ በቀትር ሄጄ ነበር። ሠራተኛው ተበትኗል፤ ዳርቻው ጸጥ ብሏል፤ ወፍ እንኳ የለም። ከተገለበጠችው ጀልባ ውስጥ "ቋ" አለ። ቆየና ደግሞ "ቋ፣ ቋ።" ሰው በር ሲያንኳኳ እንዲህ ነው፤ ለዚያውም ከውስጥ ሆኖ። እንጉዳይ የገባች መሰለኝና አገልግሉን ጥዬ ሮጥኩ።

"እንጉዳይ!"

"አቤት እማዬ!" አለች፣ ከኋላዬ፣ ከዳሱ በኩል።

ጎንበስ ብዬ ከጀልባዋ ሥር አየሁ። ጨለማና የሞራ ሽታ ብቻ። እንዳጎነበስኩ ከጆሮዬ በላይ "ቋ" አለ።

በማግስቱ ቀትር መርሻ አብሮኝ ቆሞ ሰማ። ሁልጊዜ ከፊቱ የማይጠፋው ሳቅ ጠፋ።

"እንጨት ነው" አለ።

"እንጨት ያንኳኳል?"

"በር ሲሰነጠቅ ሰምቼ አውቃለሁ። እንዲህ ግን... እንጃ።"

ዙሪያዋን ዞሮ ሳንቃውን በእጁ ዳበሰ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ክፍተት አገኘ፤ ሌላም አገኘ። ሁሉንም በሰምና በሞራ ደፈነው። ላይዋ ለሰለሰና አማረ። መንኳኳቱ ግን ባሰ። ወሬው ሠራተኛውን አዳረሰ። ሙታኑ ናቸው፣ ማረፊያቸውን ወስደንባቸው በየቀትሩ ያንኳኳሉ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ቀትር ላይ ወደ ዳሱ የሚጠጋ ጠፋ።

አዛዡ ወረዱ፤ ንጉሡም ሊያዩ በቅርብ እንደሚመጡ ነገሩን። ወታደሮቹን "ነገ ጠዋት ትወጡባታላችሁ" አሏቸው። ከመካከላቸው ጉንጩ ላይ የጦር ጠባሳ ያለበት ሰው ወደ ፊት ወጣ።

"ጌታዬ፣ ለጦር ከሆነ አሁኑኑ ይስደዱኝ። በቁሜ ግን ቃሬዛ ላይ አልወጣም።"

ሌሎቹም ሄደው ከኋላው ቆሙ። አዛዡ ወደ መርሻ ዞሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እሳቸውም የሚፈሩት ነበራቸው።

"ዋስህን ጥራ።"

በአገራችን ያለ ዋስ የሚሆን ነገር የለም። የተጋባም የተጣላም ዋስ ይጠራል። ለጀልባ ዋስ ሲጠራ የሰማሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

"እኔ አለሁ ጌታዬ" አለ መርሻ። "የምመራት ራሴ ነኝ።"

"ሰው ለራሱ ዋስ ይሆናል? ሥራህን ካመንክ ልጅህን አስቀምጥባት። ልጅህ ከተቀመጠች እነዚህም ይወጣሉ።"

እግሬ ሲንቀሳቀስ አልታወቀኝም። "ጌታዬ፣ እኔ ልሁን። ሚስቱ ነኝ።"

"ሚስት ትፈታለች" አሉ፣ ሳይቆጡ። "ልጅ አትፈታም።"

መርሻ እምቢ ቢል በሰንሰለት ወደ ደብረ ታቦር እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። እንጉዳይ እጁን ያዘችው።

"አባዬ፣ እኔ እኮ ልወጣባት እፈልጋለሁ። የነ ጥሩዬ ልጆች በቅናት ይሞታሉ።"

ወታደሮቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ አልነበረም። ጉም ነበር። ውሃው የት እንደሚጀምር የሚታወቀው እግር ሲነክር ብቻ ነው። ዑመር አንድ እስር ደረቅ ደንገል ይዞ መጣና ለእንጉዳይ ሰጣት።

"ከሥርሽ አድርጊው። ለመቀመጫ ነው።"

ወደ እኔ አየ። ለመቀመጫ እንዳልሆነ ገባኝ። ታንኳውን ይዞ ሊከተል ሲል አዛዡ ከለከሉት።

"የንጉሥ ጀልባ በቄጠማ ትጠበቅ? ዞር በል።"

ዑመር እጅ ነሣና ታንኳውን እየገፋ ወደ ቄጠማው ገባ። መርሻ ልጃችንን አቅፎ አስቀመጣት። "ከእግሬ ሥር አትለይም" አለኝ። እኔ ጉንጯን ይዤ "ፊደል ቁጠሪ" አልኳት። "ጮክ ብለሽ። ሲያልቅ እንደገና ጀምሪ። እስክትመለሺ እንዳታቋርጪ።"

"አውቃለሁ እማዬ። አሳፈርሽኝ።"

ገፏት። መዘውሩ ጨቅ፣ ጨቅ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ወታደሮቹ፣ ቀጥሎ መርሻ፣ በመጨረሻ የእንጉዳይ ነጭ ነጠላ ጉሙ ውስጥ ጠፋ። ድምጿ ብቻ ቀረልን።

"ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ... ለ ሉ ሊ ላ..."

አዛዡ ፈገግ አሉ። "ልጅሽ ደብተራ ናት።"

ድምፁ ራቀ። ጉም ድምፅን እንዴት እንደሚያደርግ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ደግሞ ከኋላችን፣ ከተራራው በኩል መጣ። ዞር ብዬ ተራራውን አየሁ። የሚታይ ተራራ አልነበረም። ከዚያ መምሬ ገላው ክንዴን ያዙኝ።

"ሁለት ናቸው" አሉ።

አዳመጥኩ። እንጉዳይ "ቀ ቁ ቂ" ትላለች። እሷ ስትጨርስ አንድ ወፍራም ድምፅ በዝግታ ይደግማል፤ "ቀ... ቁ... ቂ..." የመርሻ ድምፅ አይደለም። ወታደር ከሆነም ፊደል የማያውቅ፣ ገና አሁን የሚማር ሰው ነው።

"ማነው አባቴ?"

ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ጠጋ ብዬ ስሰማ፣ ሬሳ ዝግባው ሥር ሲያርፍ ይሉት የነበረውን ጸሎት ነው የሚሉት። እሳቸውም አላወቁትም።

"አባቴ፣ እሱን አይበሉት!" ብዬ ጮህኩ።

ደንግጠው አቋረጡ። በዚያው መዘውሩ ቆመ።

"ነ ኑ ኒ..." አለች ልጄ። ከዚያ ዝም አለች።

ቤት ሆኜ ቢሆን መጁን ጥዬ እሮጥ ነበር። እዚህ የሚሮጥበት የለም። እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ስሟን ስጠራ ጉሙ ስሟን መለሰልኝ። የሰው ጩኸት ሰማሁ፣ የእንጨት መሰንጠቅም ሰማሁ። ከዚያ ያም ቀረ። ከዝምታው ውስጥ ያ ወፍራም ድምፅ ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ የቀረውን ጨረሰ።

"ና... ኔ... ን... ኖ።"

ወደ እኔ እየቀረበ ነበር። አዛዡ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። እኔ አላፈገፈግሁም። ልጄን የያዘ ማንም ይሁን ማን ይምጣ አልኩ። እንደዚያው እንደገና "ነ... ኑ... ኒ..." አለና ከጉሙ ውስጥ የታንኳ አፍንጫ ብቅ አለ። ዑመር ነበር። እንጉዳይ ደንገሉን እንዳቀፈች ከጉልበቱ ሥር ተኝታለች። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፤ ግን ዓይኗ ያየኛል።

"ያዣት" አለኝ። "ከቄጠማው ወጥቼ ተከተልኳት። ስትል እላለሁ፣ ስል ትሰማለች። እኛ በጉም የምንፈላለገው እንዲህ ነው።"

"መርሻስ?"

"እንጨት ይዟል። እመለስለታለሁ።"

ታንኳውን አዞረ። ሲርቅም ፊደሉን ይል ነበር፤ ለመርሻ እንዲሰማው ይመስለኛል። የተማራት ያችን ያህል ነበርና እሷኑ ይደጋግማት ነበር። ነ ኑ ኒ ና። እስኪጠፋ ሰማሁት።

ወታደሮቹ በመዘውሩና በሳንቃው ተንጠላጥለው ተራ በተራ ወጡ። ውሃው በአንድ ቀዳዳ አልገባም አሉ፤ ጀልባዋን እንደ ሰው መላ አካሏን አላባት። ጉሙ ሲገለጥ ባሕሩ እንደ መስታወት ለጥ ብሎ ነበር። ጀልባ የለም። ታንኳ የለም። አዛዡ ረጅም ጊዜ ቆመው አዩና "አናጢውም ወይጦውም ሞተዋል ብዬ ለንጉሡ እናገራለሁ" አሉ። "ዋሷ ተመልሳለች። ከእናንተ የሚፈለግ የለም።"

እሳቸው በቅሏቸው ላይ ሲወጡ ያ ጠባሳ ያለው ወታደር ልብሱን እየጨመቀ አጠገቤ መጣ።

"እመቤቴ፣ ሰው አይስማን። ባልሽ ያንን የዝግባ ግንድ አቅፎ ነበር። 'ልጄ ወጣች?' አለኝ። 'ታንኳው ወስዷታል' አልኩት። 'አዛዡ ዳር ቆመዋል?' አለኝ። 'አሉ' አልኩት። ከዚያ ግንዱን ወደ ዳር ሳይሆን ወደ መሀል ገፋው።"

የመርሻን ተዝካር አላወጣሁም። መምሬ ገላው ሁለት ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ኋላ ተዉት።

ፈረንጁ ተመልሶ የእንጨት ጀልባ ከውሃ ወጥታ መድረቅ እንደሌለባት ለሠራተኛው ነገረ። ሌላ ጀልባ ተሠራች፣ ውሃ ላይ ታስራ ኖረች። ቀትር ላይ ያንኳኳ የነበረው የሚሸሸው ሳንቃ እንደሆነ አሁን ሁሉም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ያቺ ያልደረቀችው ሁለተኛዋ ጀልባ አንዳንድ ቀትር ለምን እንደምታንኳኳ ግን የነገረኝ የለም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እናቶች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ፈሪነቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም ዝምታ ያስደነግጠኛል። ነገር ግን የእንጉዳይን ቀሚስ መያዝ ተውኩ። ያን ጠዋት ቀሚሷን ብይዝ ኖሮ አብረን ነበር የምንሰጥመው፤ ያተረፋት አፏን አለመዝጋቷና እሷን የሚሰማ ሰው መኖሩ ነው። የዑመር ሚስትና እኔ ዛሬ አንድ ገበታ እንቀርባለን። ልጆቿን ፊደል የማስቆጥራቸው እኔ ነኝ። ሁለታችንም ወደ ባሕሩ እያየን ነው የምንቀመጠው።

ያን ጊዜ ያዘዙትም የታዘዙትም አልፈዋል። መርሻን የምፈልገው እኔ ብቻ ነኝ፣ የሚቀጣውም የለም። ባለፈው ጥቅምት ከባሕሩ ማዶ የመጣ ነጋዴ ይፋግ ገበያ ላይ በርጩማ ሲሸጥ አየሁ። እግሮቹ የተያያዙበት የእንጨት ሚስማር አናቱ ላይ በመስቀል ቅርጽ ተበጥቷል፤ መርሻ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ነጋዴው ከሌላ ሰው ነው የገዛሁት አለኝ፤ ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ አያውቅም።

ስለዚህ ከማዶ ያላችሁ፣ ወይም ወደዚያ የምትሻገሩ፦ የግራ አውራ ጣቱ ጫፍ በመጥረቢያ የተቆረጠ፣ ሳቂታ፣ አሁን ፀጉሩ ሸብቶ ሊሆን የሚችል አናጢ ብታዩ፣ ስሙን ለውጦ ይሆናልና በስሙ አትፈልጉት። ከአጠገቡ ዑመር የሚባል ወይጦ ካለም የእሱን ደኅንነት ጨምሩልኝ፤ ሚስቱ ትጠይቃለች። እኛ እዚያው ይፋግ፣ በፊት ከነበርንበት ቤት ነን። እንጉዳይ አግብታለች፣ ደኅና ናት። ካያችሁት ንገሩኝ።